የምናሸንፈው ሰው እንዳይጠፋብን የተደረገ ስብሰባ

የዓይን ጢን ሸክላ ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር
የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ።

ቦታ፦ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ስለሚያፈስ፣ በገበያው አደባባይ፣ ከትልቁ ክዳን ሥር። ትልቁ ክዳን ማለት ጎረቤት ከተማችንን ታዝላፍትን በፀደዩ ትርኢት ለማሸነፍ አምና የተሠራው የታላቁ ጣጂን ክዳን ነው። ጣጂን ድስትና የሾለ ክዳን መሆኑ ይታወቃል፤ የእኛው ድስቱ ምድጃ ውስጥ ስለፈነዳ የተረፈው ክዳኑ ብቻ ነው። አሁን በድንጋዮች ላይ ተቀምጦ እንደ ጎጆ ሰው ያስጠልላል፤ የዳቦ ሻጩንም ጋሪ መንገድ ይዘጋል። አባላት አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ገብተዋል። የቀድሞው ሰብሳቢ ሲ (አቶ) ቡሻይብ ግን «በገዛ እጄ ከሠራሁት ክዳን ሥር ጎንብሼ አልገባም» በማለታቸው ለተወሰነ ጊዜ ዝናብ መትቷቸዋል። በኋላ ጎንብሰው ገብተዋል።

የተገኙ፦
1. ወይዘሪት ጊዝላን ጂላሊ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሰብሳቢ። (በአባላት ሁሉ በዕድሜ ታናሽ። ከአምናው ፍንዳታ በኋላ ወንበሩን የሚፈልግ በመጥፋቱ በሙሉ ድምፅ የተመረጡ።)
2. ሲ ቡሻይብ፣ የቀድሞ ሰብሳቢ፣ አሁን ምክትል፣ የትልቁ ክዳን ሠሪ።
3. መዓለም (ዋና ባለሙያ) ዐላል፣ የትልቁ ምድጃ ባለቤት፣ የብዙዎቻችን አስተማሪ።
4. ላላ (ወይዘሮ) ራቅያ፣ የቀለም ቀቢ ሴቶች ተወካይ።
5. ቱሃሚ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የሸክላውን ዕቃ ለከተማ የሚያደርሱ።

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት ለሥራ ካዛብላንካ ሄደው እንደቀሩ ናቸው። አንዱ ታመዋል። አንዱ ከሲ ቡሻይብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ላለመቀመጥ የማሉ ሲሆን፣ ክዳን ጣሪያ መሆን አለመሆኑ እንዲጣራላቸው ልጃቸውን ልከዋል። ጥያቄያቸው ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል። የሚመለከተው ክፍል አልታወቀም።

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ የትምህርት ቤቱ መምህር ማዓቲ፤ ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ የተመደብኩ፣ ድምፅ የሌለኝ።

ከዘጠኙ አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሊነበብ ሲል ሲ ቡሻይብ «ያለፈው አልፏል» በማለታቸው ታልፏል።

አጀንዳ አንድ፦ ለፀደዩ ትርኢት ስለሚቀርበው ድስት

ሰብሳቢዋ ቱሃሚ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ጋበዙ። ቱሃሚ፣ በሲ ቡሻይብ ትእዛዝ የታዝላፍትን አዲስ ድስት በምስጢር ለክተው እንዲመጡ መላካቸውን አስታውሰው የሚከተለውን አስረድተዋል። «በምስጢር ነው የገባሁት። መኪናዬን ያየ ሁሉ ግን ‹ቱሃሚ፣ ልትለካ መጣህ?› ይለኛል። ሻይ አፈሉልኝ። ሜትር ረስቼ ስለነበር ሜትርም አበደሩኝ። አንዱ እንዲያውም ጫፉን ይዞ አለካኝ።»

ሲ ቡሻይብ ስፋቱን ብቻ እንዲናገሩ አሳሰቡ።

ቱሃሚ ሲመልሱ፣ «እዚህ ክዳን ውስጥ ጉልበታችንን አቅፈን ተቀምጠን የለ? እነሱ እዚያ ውስጥ ሠርግ ይደግሳሉ» አሉ።

ሲ ቡሻይብ ይህን እንደሰሙ ተነሥተው ለመናገር ሞክረው፣ አናታቸውን ክዳኑ መትቷቸው ተቀምጠዋል። ተቀምጠው እንደገለጹት፣ የታዝላፍት ድስት ሠርግ የሚያስተናግድ ከሆነ የዓይን ጢን ድስት ሠርግና ሰደቃ ባንድ ላይ የሚያስተናግድ መሆን አለበት፤ ዋንጫውና ከአገረ ገዢው ጋር የሚነሣው ፎቶግራፍ ሦስት ዓመት ታዝላፍት ሄዷል፤ እሳቸውም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ፎቶ ላይ የሚያምር ፊት ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም።

ሰብሳቢዋ እንዲህ ሲሉ መለሱ። «ሲ ቡሻይብ፣ ያለን እንጨት ለአንድ እሳት ነው። ከወንዙ ዳር የምናወጣው አፈርም እያለቀ ነው። ወይ የእርስዎን ድስት እንተኩሳለን፣ ወይ ቤታችን የሚተዳደርበትን ዕቃ።»

«ልጄ፣ ክብር እንጨት አይቆጥርም።»

መዓለም ዐላል በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገብተው፣ አምና ክዳኑ በበር አልወጣ ሲል ግድግዳው የተናደው የእሳቸው ምድጃ እስካሁን እንዳልተሠራ አስታወሱ። «ክብር የወጣችው የእኔን ግድግዳ አፍርሳ ነው፤ አሁን ውሻ ይተኛበታል» ብለዋል። ሲ ቡሻይብ ምድጃው እንደሚጠገን በአላህ ስም ቃል ገቡ። መዓለም ዐላል አዲሱ ድስት ሲወጣስ ብለው ጠየቁ። ሲ ቡሻይብ ያን ጊዜ መልሶ እንደሚፈርስ አልሸሸጉም።

ውሳኔ 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከታዝላፍት ድስት በአንድ ክንድ የሚሰፋ ድስት እንዲሠራ፤ የመዓለም ዐላል ምድጃም መጀመሪያ እንዲጠገን፣ ቀጥሎ እንዲፈርስ፣ በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ተወስኗል። የተቃወሙት ሰብሳቢዋና ላላ ራቅያ ናቸው።

አጀንዳ ሁለት፦ ሰብሳቢዋ ያቀረቡት ሌላ ሐሳብ

ሰብሳቢዋ ከጀለባቸው፣ ማለትም ከረጅሙ ቀሚሳቸው፣ ቆብ ውስጥ አንድ ነገር አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡ። ቱሃሚ የሻይ ብርጭቆ መስሏቸው እጃቸውን ሰደዱ። ጣጂን ነበር፤ ድስትም ክዳንም ያለው፣ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን።

ሰብሳቢዋ እንዳስረዱት፣ ባለፈው ሰኞ ላላ ራቅያን ሊጠይቁ ሄደው የዓርብ ጁምዓን ምግብ ሲበሉ አገኟቸው። ላላ ራቅያ ባላቸው ከሞቱ፣ ልጃቸውም ታዝላፍት ካገባች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ያለቻቸው ድስት ግን የዱሮዋ፣ የቤተሰብ ናት። ትንሽ ሲሠሩባት ያርራል፤ ሞልተው ሲሠሩ አራት ቀን ይበላሉ። «እኛ ድስት የምንሠራው ለስምንት ሰው ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። «ስምንቱ ሰው የታሉ? ካዛብላንካ ናቸው፤ በየክፍሉ አንዳንድ ሆነው። ወንድሜ ዳቦና ሰርዲን እየበላ ነው የሚያድረው። አባቱ ለአገር ሁሉ ድስት ሲሠራ የኖረ ሰው፣ እሱ ግን ድስት የለውም።»

ከዚህ ቀጥሎ የተናገሩት ዝናቡ በመበርታቱ አልተሰማም። 

ላላ ራቅያ ስለ ድስታቸው በጉባኤ መነገሩ እንዳላስደሰታቸው፣ ሆኖም እውነት መሆኑን ገለጹ።

ሲ ቡሻይብ ንግግራቸው ቃል በቃል እንዲሰፍር ጠይቀው የሚከተለውን አስመዘገቡ። «ለአንድ ሰው የሚሆን ጣጂን ድስት አይደለም፤ የፍቺ ወረቀት ነው። ሰው ከአንድ ሳህን እየተሻማ ሲበላ ነው ቤተሰብ የሚሆነው። እንግዳ ቢመጣስ?»

ቱሃሚ እንግዳ ከመጣ ሁለተኛ መግዛት እንደሚቻል ጠቆሙ። ሲ ቡሻይብ ከማን ወገን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው፣ ከጫኚው ወገን መሆናቸውን፣ ትንሽ ዕቃ በመኪና ብዙ እንደሚሄድ፣ ትልቁን ክዳን ግን ማንም ጫንልኝ ብሎ እንዳልጠራቸው አስረዱ።

መዓለም ዐላል ትንሹን ጣጂን አንሥተው በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት፤ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙት። «ይሄ አንገት የእኔ ነው» አሉ።

«ከእርስዎ ነው የተማርኩት፣ መዓለም።»

«ሌላው ግን የእኔ አይደለም።»

ይህ ምስጋና ይሁን ወቀሳ እንዲብራራ ተጠይቀዋል። ዕቃውን ግን ለረጅም ጊዜ አላስቀመጡም።

ሲ ቡሻይብ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ እንዳላቸው አስታወቁ። «እሺ፣ ይሁን። በዚህ ማንን ነው የምናሸንፈው?»

«ማንንም፣ ሲ ቡሻይብ።»

«ማንንም?»

«ማንም ያልሠራውን እንሠራለን። እነሱ በሄዱበት መንገድ ከኋላ ከኋላ ስንሮጥ እኮ የራሳችንን ሥራ ረሳነው።»

«ማንንም ካላሸነፍን መሥራታችንን በምን እናውቃለን?»

ላላ ራቅያ የመናገር ዕድል ሳይሰጣቸው እንዲህ አሉ። «ቡሻይብ፣ እኔ ልንገርህ። ታዝላፍት ያለችው ልጄ በእግር የምትደረስ ናት። ያ የእናንተ ውድድር ከተጀመረ ወዲህ ግን ስሄድ የአማቶቿ ፊት ይጠቁራል፤ ስመለስ ያንተ ፊት ይጠቁራል። ድስታችሁ ባደገ ቁጥር መንገዱ ረዘመብኝ። አሁን ለዒድም አልሄድም።»

ሲ ቡሻይብ የግል ጉዳይ አጀንዳ እንዳይሆን ሥነ ሥርዓት ጠየቁ። ከዚያም ራሳቸው ስለ ፎቶግራፉ ጥቂት ተናገሩ።

ድምፅ ሲሰጥ ሰብሳቢዋና ላላ ራቅያ ደገፉ፤ ሲ ቡሻይብና ቱሃሚ ተቃወሙ። (ቱሃሚ የተቃወሙት ለሐሳቡ ሳይሆን ሲ ቡሻይብ የእህታቸው ባል ስለሆኑ መሆኑ በጥያቄያቸው ተመዝግቧል።) መዓለም ዐላል ምድጃቸው እስኪጠገን ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። በደንቡ መሠረት ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ያለበት ወገን ያሸንፋል። ሲ ቡሻይብ ግን ደንቡ የተጻፈው እሳቸው ሰብሳቢ ሳሉ በመሆኑ «ሰብሳቢው» የሚለው እሳቸውን ማለቱ እንደሆነ ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዐሥር ሰዓት ቆይቷል።

ውሳኔ 2፦ ከረጅም ውይይት በኋላ የሰብሳቢዋ ሐሳብ ሳይወድቅም ሳይጸድቅም የፈጠራ ንዑስ ኮሚቴ ለሚባል አካል እንዲመራ፤ ንዑስ ኮሚቴው ከአባላት ማን የበለጠ ፈጣሪ እንደሆነ የሚለይ ውድድር እንዲያዘጋጅ፤ የውድድሩ ዳኛ ሲ ቡሻይብ እንዲሆኑ፤ ተወዳዳሪ መሆንም እንዳይከለከሉ ተወስኗል። ሰብሳቢዋ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ስለነበር ድምፅ መስጠታቸው አልታየም።

አጀንዳ ሦስት፦ በድንገት የገባ ጉዳይና በድንገት የገባ ሰው

በዚህ ጊዜ የአንድ ሰው ራስ በክዳኑ ሥር ገባ። የላላ ራቅያ አማች፣ የታዝላፍቱ ሸክላ ሠሪ ድሪስ ነበሩ፤ ከእግር እስከ ራሳቸው ርሰዋል።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ክዳናችሁ ያስተጋባል፤ ገና ከአደባባዩ ማዶ ሆኜ ነው ሁሉን የሰማሁት» አሉ። ላላ ራቅያ «ልጄ ደህና ናት?» ብለው ጠየቁ። ደህና እንደሆነች፣ እንደናፈቀቻቸውም ተነገራቸው። ሲ ቡሻይብ የጠላት ከተማ ሰው በምስጢራዊ ስብሰባ መገኘቱን ተቃወሙ። ሰብሳቢዋ ዝናብ ላይ ሰው አይመለስም ብለው ቦታ እንዲሰጣቸው አደረጉ።

ድሪስ የመጡበትን ሲያስረዱ፣ የታዝላፍት ታላቅ ድስት ትናንት እሳት ውስጥ እንዳለ መሰንጠቁን፣ የምድጃው ጣሪያም አብሮት መውረዱን ተናገሩ። «አልሐምዱሊላህ ሰው ደህና ነው። እንጨቱ ግን ነደደ፤ ምድጃው ፈረሰ። ሽማግሌዎቻችን ተሰብስበው በቃን ብለዋል። ታዝላፍት ዘንድሮ አትወዳደርም። ለዓይን ጢን ‹ዋንጫውን ውሰዱት› በልልን ብለው ላኩኝ።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ለደስታ መግለጫ የሚሆን ባዶ ቦታ ትቶ ጠበቀ። ደስታ አልተገለጸም። ሲ ቡሻይብ ፊታቸው አመድ መሰለ። «እንዴት ይወጣሉ? ማን ፈቀደላቸው?» ብለው ጠየቁ።

ድሪስ የፈቀደው ድስቱ እንደሆነ መለሱ።

ሲ ቡሻይብ በተሰበረ ድምፅ፣ ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው እንደሌለ፣ እንዲህ ያለ ዋንጫ ግን ከስድብ እንደማይተናነስ ገልጸው፣ አገረ ገዢው አጠገብ ቆመው «ማንን አሸነፋችሁ?» ቢባሉ ምን እንደሚሉ አማከሩ። «ስለ ታዝላፍት እያሰብኩ ስንት ሌሊት አልተኛሁም» አሉ። «እነሱ ከሌሉ ጠዋት ለምን እነሣለሁ?» 

ከዚያም የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ፦ ታዝላፍት እንድትሸነፍ ድስት ያስፈልጋታል፤ ድስት እንዲኖራት እንጨት፣ አፈርና ምድጃ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ዓይን ጢን የእንጨቷን ግማሽ ትስጥ፤ መዓለም ዐላልም ሄደው ምድጃቸውን ይሥሩላቸው።

መዓለም ዐላል የእሳቸውን ምድጃ ማን እንደሚሠራ ጠየቁ። ሲ ቡሻይብ የተሸናፊው ምድጃ እንደሚቀድም አስረዱ፤ መዓለም ዐላል ከሁሉም የተሸነፍኩት እኔ ነኝ ሲሉ ተከራከሩ።

ድሪስ ስለ ቸርነቱ አመስግነው፣ የሚሰጣቸው እርዳታ ለምን ያህል ድስት እንደሚበቃ ጠየቁ። ከእኛ በአንድ ክንድ ለሚያንስ እንደሆነ ተነገራቸው። «ታዲያ ከወዲሁ ተሸንፈናል ብዬ ልፈርምላችሁና እንጨቱን ዳቦ እንጋግርበት» አሉ። ሲ ቡሻይብ ይህ የስፖርት መንፈስ እንደማይባል ገሠጿቸው።

ውሳኔ 3፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ተፎካካሪን የመንከባከብ መርሐ ግብር በሚል ስም ለታዝላፍት የእንጨት፣ የአፈርና የባለሙያ እርዳታ እንዲሰጥ፤ ታዝላፍት በእርዳታው እስክትሸነፍ ድረስ ከውድድሩ እንዳትወጣ በሦስት ድጋፍ ተወስኗል። ደጋፊዎቹ ሲ ቡሻይብ፣ ቱሃሚና ላላ ራቅያ ናቸው። ላላ ራቅያ የደገፉት ሰው ወደ ልጃቸው ከተማ የሚሄድበት ምክንያት ሁሉ ደግ ስለሆነ ነው።

ሰብሳቢዋ የሚከተለውን ጠየቁ። «ሲ ቡሻይብ፣ ለማሸነፍ ስንል እንጨት የምንሰጣቸው ከሆነ፣ አብረን ለመሥራት ብንሰጣቸውስ?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አሉ ሲ ቡሻይብ። «እሱ ወዳጅነት ነው።»

በዚህ መሐል ድሪስ በመዓለም ዐላል እጅ ያለውን ትንሽ ጣጂን አይተው ለመያዝ ጠየቁ። መዓለም ዐላል ከማመንታት በኋላ ሰጧቸው። ድሪስ የክዳኑ አናት ለምን ጠፍጣፋ እንደሆነ ጠየቁ።

«ሲገለበጥ እንዲቆም ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። «ብቻውን የሚኖር ሰው ዕቃ አያበዛም። ክዳኑ የወይራ ሳህን ይሆነዋል።»

ድሪስ ገልብጠው አቆሙት። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ግድግዳው ግን ወፍራም ነው፤ ለዚህ መጠን ይከብዳል» አሉ።

«አፈራችን ስስ ሲሆን ይሰነጠቃል።»

«እኛ ጋ ነጩ አፈር አለ። ለትልቅ ዕቃ አይሆንም፤ ለዚህ ነው ድስቱ የተሰነጠቀብን። ለስስ ነገር ግን እንደ ሊጥ ነው የሚታዘዘው።»

«ከእኛ ቀይ ጋር ቢደባለቅስ?»

«ማንም ሞክሮት አያውቅም።»

ሲ ቡሻይብ፣ የሁለት ተፎካካሪ ከተሞች ሰዎች በስብሰባ ሰዓት ስለ ድስት ያለ ጠብ እየተነጋገሩ መሆኑን በመጥቀስ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። ሁለቱ ስላልሰሟቸው ጥያቄው በእንጥልጥል ቀርቷል።

አጀንዳ አራት፦ ውሳኔዎቹን ስለ ማስታረቅ

ቱሃሚ ጭነቱን በሐሳባቸው ሲያሰሉ ቆይተው አንድ ችግር እንዳገኙ አስታወቁ። በውሳኔ 3 የእንጨቱ ግማሽ ታዝላፍት ከሄደ፣ በውሳኔ 1 የተባለው ድስት አይተኮስም፤ ድስቱ ካልተተኮሰ ታዝላፍት የምትሸነፍለት የለም፤ እንዲያውም ታሸንፋለች፤ ያውም በእኛ እንጨት።



ሲ ቡሻይብ ጥፋቱ የውሳኔ 2 ስለሆነ እሱ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ላላ ራቅያ ውሳኔ 1 እንዲሰረዝ ጠየቁ። መዓለም ዐላል ውሳኔ 3 ካልተሰረዘ አስከሬናቸው እንጂ እሳቸው ታዝላፍት እንደማይሄዱ አሳሰቡ። ቱሃሚ የትኛውም ቢሰረዝ ግድ እንደሌላቸው፣ ግን መኪናቸው ዝናብ ላይ ስለቆመ ቶሎ እንዲሰረዝ ጠየቁ። በዚህ ወቅት የተነገሩ ቃላት በርካታ ሲሆኑ፣ ሚስትና ልጆች ይህን መዝገብ ሊያነቡት ስለሚችሉ አልሰፈሩም።

ሰብሳቢዋ በጫጫታው መሐል ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ጠጋ ብለው በዝግታ እንዲህ ጠየቁ። «ኡስታዝ፣ ኮሚቴው ምንም ስላልወሰነበት ነገር ደንቡ ምን ይላል?»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ገጹን አውጥቶ አነበበላቸው፦ ኮሚቴው ባልወሰነበት ጉዳይ አባል በገዛ እጁና በገዛ ምድጃው የፈለገውን ይሠራል።

«አባቴ ትንሽ ምድጃ ትቶልኛል» አሉ ሰብሳቢዋ፤ የመለሱት ለቃለ ጉባኤ ያዡ ይሁን ለራሳቸው አልተለየም። ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ አጨበጨቡ፤ ክዳኑ ስላስተጋባ ሁሉም ዝም አለ።

«ላስቸግራችሁ» አሉ። «ሁላችሁም የምትጠሉት አንድ አንድ ውሳኔ አላችሁ። ሁሉንም ብንሰርዝስ?»

ሲ ቡሻይብ የጠሉት ውሳኔ 2 በእርግጥ አብሮ እንደሚሰረዝ ጠይቀው አረጋገጡ። መዓለም ዐላል ስለ ውሳኔ 3 ጠይቀው አረጋገጡ። ላላ ራቅያ ሳይጠይቁ እጃቸውን አወጡ።

ውሳኔ 4፦ ያለ ምንም ውይይት፣ በዛሬው ስብሰባ የተላለፉት ውሳኔዎች ሁሉ እንዳልተላለፉ እንዲቆጠሩ፣ ከማኅበሩ ምሥረታ ወዲህ ለሁለተኛ ጊዜ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሲ ቡሻይብ እጃቸውን ካወጡ በኋላ «ቆይ፣ አሁን የተስማማነው ምን ላይ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢዋ እጃቸውን ማውረድ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቋቸው። ሲ ቡሻይብ በሕይወታቸው ያነሡትን እጅ አውርደው እንደማያውቁ አስታውቀው እንደያዙ ቆይተዋል።

ስብሰባው ዝናቡ ሲያባራ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቷል። ላላ ራቅያ በቱሃሚ መኪና ወደ ታዝላፍት ልጃቸውን ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ተናገሩ፤ ቱሃሚም ሲመለሱ ነጭ አፈር ጭነው እንዲመጡ ከሰብሳቢዋና ከድሪስ ጋር በግል ተነጋገሩ። መዓለም ዐላል የሰብሳቢዋ አባት ምድጃ በሩ በኩል እሳት እንደሚሸሽ፣ ያለ እሳቸው ማንም እንዳይለኩሰው ለሰብሳቢዋ አዘዙ። ይህ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ የሆነ ስለሆነ ኮሚቴው አያውቀውም።

ፊርማ፦ ሲ ቡሻይብ እኔ ልቅደም ብለው ፈረሙ፤ ፊርማቸው የገጹን ግማሽ ያዘ። ቱሃሚ ከዚያ የማያንስ ፈረሙ። መዓለም ዐላል በቀረው ላይ ዐውራ ጣታቸውን አሳርፈው ላላ ራቅያን አጣበቡ፤ ላላ ራቅያም በኅዳጉ ላይ ወደ ላይ ጻፉ። ለሰብሳቢዋ የቀረ ቦታ አልነበረም። ሲ ቡሻይብ ይህን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡትና በንጹሑ በኩል ፈረሙ።